የስጋት ግምገማ ወርክሾፕ፦ የሚያውቀው ሰው ዝም እንዳይል

የስጋት ግምገማ ወርክሾፕ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ መልክ አለው። ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ኤክሴል ይከፍትና ግድግዳው ላይ ይለቀዋል። "እሺ፣ ምን ምን ስጋት አለብን?" ይባላል። ጸጥታ። ከዚያ ሁሌም የሚያወራው ሰው ማውራት ይጀምራል፣ ሌላው ጠረጴዛ ሥር ስልኩን ይነካካል። ወደ ማምሻው ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ ሠንጠረዥ ይወጣል፣ በኢሜይል ይላካል፣ ከዚያ ኦዲተር እስኪጠይቅ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ይሄ የሚሆነው ሰዉ ስለማያውቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ነገሩ ከመበላሸቱ በፊት የት እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ግን ጀማሪ ነው፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ አለቃው አጠገቡ ነው፣ ወይ ባለፈው ተናግሮ "አንተ ደግሞ ሁሌ ክፉ ነው የሚታይህ" ተብሏል። ስለዚህ የወርክሾፑ ዋና ሥራ የሚያውቀውን ሰው ማናገር ነው። የተናገረውን ወደ ውሳኔ መቀየር ደግሞ ሁለተኛው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

የቻሌንጀር መንኮራኩር ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ መንኮራኩሯ ልትወነጨፍ አንድ ቀን ሲቀራት፣ የሮኬቶቹ አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች ከናሳ ሰዎች ጋር በስልክ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ብርዱ የጎማ ማሸጊያዎቹን ያደነድናቸዋል፣ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ባትወነጨፍ ይሻላል አሉ። ናሳዎች አልተዋጠላቸውም። ኩባንያው መስመሩን ዘግቶ ለብቻው ሲመካከር፣ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ የምህንድስናውን ኃላፊ የመሐንዲስ ኮፍያህን አውልቅና የሥራ አስኪያጅ ኮፍያህን አድርግ አለው። በመጨረሻ የተጠየቁት ሥራ አስኪያጆቹ ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ቻሌንጀር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፣ ሰባቱም ተሳፋሪዎች አለቁ። መረጃው ስብሰባው ውስጥ ነበር፣ ያውም በሚገባ ተነግሮ። የተበላሸው ስብሰባው የተመራበት መንገድ ነው።

ከወርክሾፑ በፊት

የሥራው ግማሽ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ። አይኤስኦ 31000 የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ (እ.ኤ.አ. የ2018ቱ እትም) ስጋትን የሚተረጉመው ከዓላማ ጋር አያይዞ ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ነገር በዓላማ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ማለት ነው። ዓላማው ካልታወቀ ስጋቱም አይታወቅም። "የድርጅታችን ስጋቶች" ብላችሁ ከጠራችሁ ከኮምፒውተር ቫይረስ እስከ መሬት መንቀጥቀጥ ድረስ ሁሉም ይዘረዘራል፣ የሚጨበጥ ነገር ግን አይወጣም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የደንበኞችን መረጃ ወደ አዲሱ ሲስተም ስናዛውር፣ አገልግሎት ሳይቋረጥ እንዳንጨርስ የሚያደርገን ምንድን ነው?" አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የጊዜ ገደብ ያለው። ከሥሩም ዛሬ የማንነካውን ጻፉ፤ አለበለዚያ አንዱ ተነሥቶ የደመወዝ ጉዳይ ያነሣና ሰዓቱ እዚያው ያልቃል።

ቀጥሎ ሰዉ። ከ8 እስከ 12 ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ወርክሾፕ መሆኑ ይቀርና ንግግር የሚደመጥበት ስብሰባ ይሆናል። ሥራውን በእጁ የሚሠራ ሰው የግድ ይኑር፣ ኃላፊው "እኔ እወክለዋለሁ" ቢልም አትቀበሉ። ነገሩ ሲበላሽ ስልክ የሚደወልለት ሰውም ይጠራ፤ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ሌላው ያላየውን ያያሉ። ገንዘብና ሰው መመደብ የሚችል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ከሌላ ክፍል የመጣ፣ ጉዳዩ ብዙም የማይመለከተው፣ የሞኝ ጥያቄ መጠየቅ የማያፍር አንድ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው።

አወያዩ የፕሮጀክቱ ባለቤት ባይሆን ይመረጣል። የራሱን ልጅ ማን ክፉ ብሎ ይናገራል? ጸሐፊውና አወያዩም ሁለት ሰው ይሁኑ። እየጻፈ የሚያወያይ ሰው የተሳታፊውን ፊት አያይም፣ ፊት ካላያችሁ ደግሞ ሊናገር ፈልጎ የተወውን ሰው አትይዙትም።

አለቃውን ቀድማችሁ ለብቻው አናግሩ። ይህችን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምቆጥራት ናት። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሲከፍት መጥፎ ዜና መስማት እንደሚፈልግ በራሱ አንደበት እንዲናገር፣ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ መጨረሻ እንዲናገር፣ አንድ ሰው የማይጥም ነገር ሲያነሣ ፊቱን እንዳያጠቁር። ሦስተኛው ከባድ ነው። አልችልም ካለ ከፍቶ ይውጣና ለመጨረሻዋ ሰዓት፣ ለውሳኔው ይመለስ። አይከፋውም፤ ሰዓት ነው የምታተርፉለት።

ከሳምንት በፊት ለሁሉም ሁለት ጥያቄ ላኩ፦ "በዚህ ሥራ ላይ እንቅልፍ የሚነሣህ ምንድን ነው?" እና "ባለፈው ተመሳሳይ ሥራ ላይ የተበላሸው ምን ነበር?" መልሱ ለአወያዩ ብቻ ይምጣ፣ ስም አይጠቀስ። ያለፉ የአደጋ ሪፖርቶችን፣ የኦዲት ግኝቶችን፣ የደንበኛ ቅሬታዎችንም ሰብስቡ። ያኔ ባዶ ሠንጠረዥ ይዛችሁ አትገቡም።

አሁን መለኪያው። "ከፍተኛ"፣ "መካከለኛ"፣ "ዝቅተኛ" ብቻ ብላችሁ እንዳትገቡ። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች በዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት ሊፈጸም የመቻሉ ነገር በቁም ሊታይ ይገባል የሚል ሪፖርት አወጡ። ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ሸርማን ኬንት በኋላ ሪፖርቱን አብረውት ያዘጋጁትን ሰዎች በመቶኛ ስንት ማለታችሁ ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ አንዱ 20 ሲል ሌላው 80 አለ። ሁሉም ግን በአንዷ ቃል ተስማምተው ፈርመው ነበር! እና ለእያንዳንዱ ደረጃ ቁጥር ስጡት። ዕድል 4 ማለት "በዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ የሚችል"፣ ጉዳት 4 ማለት "አገልግሎት ከአንድ ቀን በላይ የሚያቋርጥ" እያላችሁ። ቁጥሮቹን ከሥራው ባለቤት ጋር ቀድማችሁ ተስማሙባቸው፤ ወርክሾፑ ላይ ስለ መለኪያ ክርክር ከተጀመረ አለቀላችሁ።

በዕለቱ

ሦስት ሰዓት፣ መሐል ላይ እረፍት ያለው። ሙሉ ቀን የሚባለው ነገር ብዙም አይጠቅምም፣ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ለመገላገል ብሎ በሁሉም ይስማማል። ጉዳዩ ሰፊ ከሆነ ሁለት ግማሽ ቀን ይሻላል።

መክፈቻው አጭር ይሁን። ጥያቄው በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። ከዚያ "ምን ስጋት አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲህ በሉ፦ "አንድ ዓመት አልፏል። ሥራው ወድቋል፣ ያውም ክፉኛ። እንዴት ወደቀ? ታሪኩን ጻፉ።" ይህን ዘዴ ጋሪ ክላይን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው እ.ኤ.አ. በ2007 ጽፎ ያስፋፋው። ለምን እንደሚሠራ ግልጽ ነው። "ምን ሊበላሽ ይችላል?" ሲባል የሚመልስ ሰው ጠርጣራና ጨለምተኛ ይመስላል። "ተበላሽቷል፣ ለምን?" ሲባል ግን ውድቀቱን እሱ አላመጣውም፣ ጥሩ ምክንያት ያገኘ ሰው ብልህ ነው የሚባለው። ዝም ያለው ሰው አፍ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ለብቻው፣ በጽሑፍ፣ ሳይነጋገር፣ 10 ደቂቃ። በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ አንድ ሐሳብ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተደረጉ ሙከራዎች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፦ ለየብቻ ያሰቡ ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር፣ አብረው ተቀምጠው እያወሩ ካሰቡት ያንኑ ያህል ሰዎች ይበልጣል። አንዱ ሲያወራ ሌላው መጠበቅ አለበት፣ እየጠበቀ ደግሞ ይረሳል ወይም "ተብሏል" ብሎ ይተወዋል። አሥሩ ደቂቃ ጸጥታው ያስጨንቃል፣ ቀልድ የሚጀምር አይጠፋም፣ ሰዓቱን ግን አታሳጥሩ። ጥሩዎቹ ሐሳቦች የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ግልጽ ሐሳቦች ተጽፈው ካለቁ በኋላ ነው።

ወረቀቶቹን አወያዩ ሰብስቦ ያንብብ፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፣ ተመሳሳዩን በአንድ ያድርግ። የማን ጽሑፍ እንደሆነ መጠየቅ የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው አሰልቺው ግን ዋጋ ያለው ሥራ ነው፦ ወረቀቶቹን ወደ ዓረፍተ ነገር መቀየር። "የሰው ኃይል እጥረት" የሚል ወረቀት መገኘቱ አይቀርም። ይሄ ስጋት አይደለም፣ ርዕስ ነው። ምክንያቱ፣ የሚደርሰው ነገር፣ ውጤቱ፣ ሦስቱም ይጻፉ። ለምሳሌ፦ "የድሮውን ሲስተም የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በዝውውሩ ሳምንት እሱ ከሌለ፣ የተበላሹ መዝገቦችን የሚያስተካክል ጠፍቶ አገልግሎት ሊቆም ይችላል።" አያችሁ? መፍትሔው ራሱ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ብቅ ይላል። ከወዲሁ ሁለተኛ ሰው ማሠልጠን ነው። "የሰው ኃይል እጥረት" ብላችሁ ብትተዉት ግን መልሱ "ተጨማሪ ሰው ይቀጠር" ይሆናል፣ በጀት የለም ይባላል፣ አለቀ።

"ባክአፕ አለን"

ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት አሁን ያለውን መከላከያ ጠይቁ። እዚህ ላይ ነው አወያይ የሚፈተነው። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል (ባክአፕ ማለት ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ የመረጃ ቅጂ ነው)፦

"መረጃው ቢጠፋስ?"

"ባክአፕ አለን።"

"ጥሩ። ከባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ መረጃ የተመለሰው መቼ ነው?"

"በየቀኑ ማታ ማታ ይወሰዳል እኮ።"

"መወሰዱን አልተጠራጠርኩም። ተመልሶ ያውቃል ወይ ነው ያልኩት።"

ሰዉ እርስ በርስ ይተያያል። ከጥግ በኩል አንዱ ቀስ ብሎ፦ "እሱን እንኳን ሞክረነው አናውቅም።"

ይቺ ዓረፍተ ነገር ከቀለሙ ሠንጠረዥ በሙሉ ትበልጣለች። ስጋቱ አረንጓዴ ነበር፣ ሁሉም "ይሄ የተፈታ ነው" ብሎ ሊያልፈው ነበር፣ አሁን ግን መከላከያው መኖሩን እንጂ መሥራቱን የሚያውቅ እንደሌለ ታወቀ። በዚህ ሰዓት አወያዩ ማድረግ ያለበት ማመስገንና መጻፍ ብቻ ነው። "እንዴት አልሞከራችሁም?" የሚል ጥያቄ ከመጣ፣ ከየትም ይምጣ፣ በትሕትና አስቁሙት። አንድ ሰው እውነት ተናግሮ ሲወቀስ ካዩ የቀሩት አፋቸውን ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ብትለምኑም አታገኙም።

ለእያንዳንዱ መከላከያ እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ነው የሚሠራው? ለመጨረሻ ጊዜ መሥራቱ የታየው መቼ ነው? ሰውዬው ፈቃድ ላይ ቢሆንስ? መልስ ያጣ መከላከያ እንደሌለ ተቆጥሮ ነጥብ ይሰጥ።

ነጥብ አሰጣጥ

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የመጀመሪያው ሰው "ይሄ እንኳን 2 ነው" ካለ፣ ቀጣዩ 5 ብሎ ያስብ የነበረ ቢሆን እንኳን 3 ይላል። ስለዚህ ለዕድሉም ለጉዳቱም ለየብቻ ሁሉም በልቡ ይወስን፣ አወያዩ "ሦስት" ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣቱን ያውጣ። ከ1 እስከ 5፣ አንድ እጅ ይበቃል። አለቃውም አብሮ።

አምስት ሰው አለ እንበል። አራቱ 2 አወጡ፣ አንዷ 5። አማካዩ 2.6 ነው፣ ኤክሴሉ "መካከለኛ" ይላል፣ ታልፋላችሁ። እንዳታልፉ! መጀመሪያ 5 ያወጣችውን ጠይቋት፦ "እኛ ያላየነው ምን ታይቶሽ ነው?" ወይ ሌላው የማያውቀውን ታውቃለች፣ ወይ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረድታዋለች። ሁለቱም ትርፍ ነው። ከአጭር ውይይት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማችሁ ጣት አስወጡ። አሁንም ካልተስማሙ ልዩነቱን እንዳለ መዝግቡት፣ በግድ አታስማሙ። ሁሉም የተስማማበት ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ፣ እለፉ።

ዕድልን በጉዳት ማባዛት የተለመደ ነው፣ ለመደርደር ያህል ይጠቅማል። ግን ተጠንቀቁ። ዕድል 5 በጉዳት 1፣ 5 ነው። ዕድል 1 በጉዳት 5ም 5 ነው። የመጀመሪያው በየሳምንቱ የሚደነቃቀፍ ፕሪንተር ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ሰው የሚሞትበት እሳት። በአንድ ሣጥን ውስጥ አረንጓዴ ተቀብተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ አንድ ሕግ አስቀምጡ፦ ጉዳቱ 5 የሆነ ነገር ሁሉ፣ ብዜቱ ስንትም ይሁን፣ ለብቻው ይነጋገሩበታል።

ወደ ውሳኔው

የመጨረሻዋን ሰዓት ለዚህ ጠብቋት። ሁሉንም ስጋት ማከም አይቻልም፣ ከላይ ያሉትን አምስት ስድስቱን ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ያለው ምርጫ አራት ነው፦ ሥራውን ትቶ መሸሽ፣ ዕድሉን ወይም ጉዳቱን መቀነስ፣ በኢንሹራንስ ወይም በውል ለሌላ ማካፈል፣ አውቆ መቀበል። መቀበል አሳፋሪ አይደለም፣ ግን ማን ተቀበለው የሚለው ስሙ ይጻፍ። ማንም ያልተቀበለው ሆኖ ዝም የተባለ ስጋት ነው አደገኛው።

"ክትትል ይደረጋል"፣ "ግንዛቤ ይፈጠራል"፣ "ትኩረት ይሰጠዋል" የሚሉ መፍትሔዎች ከመጡ መልሷቸው። ማን? ምን? እስከ መቼ? "ከዝውውሩ ሁለት ሳምንት በፊት መረጃውን ከባክአፕ ወደ ሙከራ ሰርቨር መልሰን እናያለን፣ ኃላፊዋ እሷ ናት" ይሄ መፍትሔ ነው። ባለቤቱም አንድ ሰው ይሁን። "የአይቲ ክፍል" ባለቤት አይሆንም፤ የጋራ ነገር የማንም አይደለም።

ጉዳዩ የሥራ ላይ ደህንነት ከሆነ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አደጋውን ጨርሶ ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ይታያል፣ ካልተቻለ አነስተኛ አደጋ ባለው መተካት፣ ከዚያ በማሽን መከለያና በመሳሰለው ሰውን ከአደጋው መለየት፣ ከዚያ ደንብና ሥልጠና፣ በመጨረሻ የራስ ቁርና ጓንት። ሰዉ ከመጨረሻው መጀመር ይወዳል፣ ርካሽ ስለሆነ።

አስቸጋሪ ሁኔታዎች

ብዙ የሚያወራ ሰው አለ። አታሳፍሩት፤ "ይሄን ያዝኩት፣ አሁን ያልተናገረ ሰው ልስማ" በሉና ወደ ሌላው ዙሩ። "ይሄማ እኛ ጋ አይደርስም" የሚል ሰውም አለ። ከእሱ ጋር መከራከር ዋጋ የለውም፣ "እንዳይደርስ የሚያደርገው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው መከላከያ አገኛችሁ፣ ከሌለው እሱም ራሱ ያየዋል። ከርዕስ የወጣ ነገር ሲነሣ ለብቻው ትልቅ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሰውዬው መጻፉን ሲያይ ያርፋል።

በኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ አሥሩን የዝምታ ደቂቃ አትተዉት። ሁሉም ቻት ላይ ይጻፍ፣ ግን "ላክ" የምትለዋን "ሦስት" እስክትሉ አይንካ። ሁሉም በአንዴ ሲመጣ ማንም ማንንም አይቀዳም። ነጥቡንም እንዲሁ። ግማሹ ሰው ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ኦንላይን ከሆነ ግን ኦንላይን ያሉት መረሳታቸው አይቀርም፤ ቢቻል ሁሉም በየኮምፒውተሩ ይግባ።

ከዚያ በኋላ

የስጋቶቹ መዝገብ በ48 ሰዓት ውስጥ ይላክ፣ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ። ረጅም ሪፖርት ማንም አያነብም፤ አንድ ገጽ፣ ከላይ የተወሰኑት ውሳኔዎች፣ ስምና ቀን ያላቸው፣ ከታች ሙሉው ዝርዝር። ለትልልቆቹ ስጋቶች አንድ አንድ ምልክት ጨምሩ፣ ነገሩ መምጣት ሲጀምር ቀድሞ የሚታየውን። "የሙከራው ቀን ሁለቴ ከተራዘመ" የሚለው ጥሩ ምልክት ነው፣ ማንም ሊያየው ይችላል።

አዲስ የክትትል ስብሰባ አትፍጠሩ፣ ማንም አይመጣም። በወር አንዴ ያለው መደበኛ ስብሰባ ላይ 15 ደቂቃ ውሰዱ፦ የተባለው ተደረገ ወይ? ምልክቱ ታየ ወይ? የተዘጋ አለ? አዲስ አለ? ስማቸው ያልተጠቀሰ ሐሳብ አቅራቢዎችም ሐሳባቸው የት እንደደረሰ ይነገራቸው፣ "አልተቀበልነውም፣ ምክንያቱም..." ቢሆን እንኳን። ለሚቀጥለው ወርክሾፕ አፋቸውን የሚከፍተው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች እንዳትጥሏቸው። ፎቶ አንሥታችሁ ከመዝገቡ ጋር አስቀምጡ። ስጋቶች በአንድ ሲሰበሰቡ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች "የሲስተም ችግር" በሚል አንድ መስመር ይዋጣሉ። አንድ ቀን መዝገቡ ላይ የሌለ ችግር ሲደርስባችሁ መጀመሪያ እነዚያን ፎቶዎች ክፈቱ። ተጽፎ ከነበረ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ የምታስተካክሉት አመዳደባችሁን ነው። ካልተጻፈ ደግሞ፣ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ መኖር የነበረበት ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁና የሚቀጥለው የጥሪ ዝርዝር ላይ ስሙን ጨምሩ።